እጁን የሚሰበስብ ባለሙያ

ጥሩ በያጅ ኤሌክትሮዱን፣ እየቀለጠ ብረት የሚያያይዘውን ዘንግ፣ እንዴት እንደለኮሰ ብትጠይቁት “እንዲህ ነው” ብሎ እንደገና ይለኩስላችኋል። እውቀቱ እጁ ላይ ነው፤ ምላሱ ላይ አልደረሰም። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የሙያ ብስለት ራሱ እንዲህ ነው። ችግር የሚመጣው ያ በያጅ “መምህር ልሁን” ያለ ዕለት ነው። በብዙ ዓመት ድካም የቋጠረውን ክህሎት ወደ ኋላ ተመልሶ መፍታት፣ ክሩን አንድ በአንድ መምዘዝ ይኖርበታል።

ስለ ሙያ መምህርነት ሲወራ ትዕግሥትና ፍቅር ይነሣሉ። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ከሁሉ የከበደው ሌላ ነው ባይ ነኝ፦ የሠለጠነ እጅን ሰብስቦ መቆም። የሥራው ድካምም ደስታውም ከዚሁ ይመነጫል።

እጅ የተማረበትን መንገድ ለምን እንደሚረሳ ተጠንቷል። ፖል ፊትስ እና ማይክል ፖስነር የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1967 የእንቅስቃሴ ክህሎት በሦስት እርከን እንደሚያልፍ ጻፉ። በመጀመሪያው እርከን ሰው እያንዳንዱን እንቅስቃሴ በሐሳቡ እያዘዘ ይሠራል፤ ቀስ ይላል፣ ይሳሳታል፣ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ያያል። በሁለተኛው የገዛ ስህተቱን መያዝ ይጀምራል። በሦስተኛው እጁ ሳይታዘዝ ይሄዳል፤ እየሠራ ማውራት ይችላል። መምህሩ ያለው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ሠልጣኙ አንደኛው ላይ። አንድ ሞርሳ ፊት ቆመው አንድ ብረት ቢያዩም የሚታያቸው አንድ አይደለም። ስለዚህ መምህሩ “ቀላል ነው” ሲል አልዋሸም፤ ለሠልጣኙ ግን “ያቃተህ አንተን ብቻ ነው” ተብሎ ይሰማዋል። ይህን ቃል ከወርክሾፑ ማስወጣት ምንም ወጪ የለውም፤ ብዙ ሰው ግን ለማስወጣት ዓመት ይፈጅበታል።

ክሩን ለመምዘዝ የቆየ መሣሪያ አለ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ ብዙ የመርከብ ሠራተኞችን በአጭር ጊዜ ማሠልጠን ሲያስፈልጋት፣ የሙያ ትምህርት ባለሙያው ቻርልስ አለን ትምህርቱን በአራት እርምጃ አደራጀው፦ ማዘጋጀት፣ ማሳየት፣ ማሠራት፣ መፈተሽ። እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1945 በዚያው አገር የተካሄደው የፋብሪካ ውስጥ ሥልጠና መርሐ ግብር ይህንን ወስዶ ለአሠልጣኞቹ አንድ ቀላል ወረቀት ሰጣቸው። በአንድ ዓምድ ዋና እርምጃው ይጻፋል፣ በሌላው ያ እርምጃ እንዲሳካ የግድ መታወቅ ያለበት ነገር። ዛሬ ብዙዎች ሦስተኛ ዓምድ ያክላሉ፦ ምክንያት። በእኔ አስተያየት ከሦስቱ የሚበልጠው ይኼኛው ነው፤ ምክንያቱን ያወቀ ሠልጣኝ ከወርክሾፑ ወጥቶ ያልተማረው ነገር ሲገጥመው ራሱ ያስባል።

አርክ (በኤሌክትሮዱና በብረቱ መካከል የሚነደውን የኤሌክትሪክ ብልጭታ) መለኮስን እንውሰድ፤ 3.2 ሚሊሜትር የሆነ የተለመደ የሩታይል ሽፋን ያለው ኤሌክትሮድ፣ 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ብረት። በባለሙያ አፍ “ነካ አድርገህ አንሣ” ነው፣ ሦስት ቃል። ወረቀቱ ላይ ሲወርድ ግን ይረዝማል። መጀመሪያ ብረቱ ዝገትና ቀለሙ ተፍቆ ማብረቅ አለበት፤ የመሬት ገመዱ መቆንጠጫም የሚነክሰው ንጹሕ ብረት ላይ ነው። ዝገትና ቀለም ኤሌክትሪኩን ስለሚያደናቅፉ አርኩ ይቆራረጣል፤ ሠልጣኙ ደግሞ ጥፋቱን እጁ ላይ ይፈልጋል። ቀጥሎ አምፔር፦ ለዚህ ውፍረት ከ90 እስከ 130 መካከል ይሠራል፤ ጀማሪን 110 አካባቢ ላይ ማስጀመር ይሻላል፤ ዝቅ ሲል እየተጣበቀ ያበሳጨዋል። ከዚያ ሰውነት፦ ክርኑ ጠረጴዛ ወይም ጎኑ ላይ ይደገፍ፣ ሁለተኛው እጁ የመጀመሪያውን ይርዳ። ኤሌክትሮዱ እየነደደ ስለሚያጥር እጅ ወደ ፊት ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ሳያቋርጥ መውረድ አለበት፤ ያልተደገፈ እጅ ሁለቱን በአንድ ላይ አይችልም። መለኮሱ ራሱ እንደ ክብሪት መጫር ነው፤ ጭሮ ወዲያው የኤሌክትሮዱን ውፍረት ያህል፣ ወደ 3 ሚሊሜትር ማንሣት። ካልተነሣ ይጣበቃል፤ ከልክ በላይ ከተነሣ ፍንጣሪ ይበዛል ወይም አርኩ ይጠፋል። የተጣበቀ ኤሌክትሮድ ወደ ላይ አይጎተትም፣ ወደ ጎን ነው የሚጠመዘዘው፤ እምቢ ካለ ከመያዣው ይለቀቃል።

የመጨረሻው መስመር ባለሙያው ፈጽሞ የማይናገረው ነው፦ ዓይን የት ይሁን? ጀማሪ ብርሃኑን ያያል። በያጅ የሚያየው ከብርሃኑ ኋላ ያለውን የቀለጠ ኩሬ ነው፤ ስፋቱን፣ ጠርዙ ሁለቱንም ብረት መያዙን፣ ከኋላው የሚከተለው ስላግ (የኤሌክትሮዱ ሽፋን ቀልጦ የሚተወው ቅርፊት) ቀድሞት እንዳይገባ። ይህቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ያልተነገረችው ሠልጣኝ ብዙ ኪሎ ኤሌክትሮድ አቃጥሎ ነው በራሱ የሚደርስባት፤ አንዳንዱም አይደርስባትም።

ማሳየትን በተመለከተ አራት ዙር ያለው አሠራር ከሁሉ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። አንደኛውን ዙር መምህሩ ያለ ንግግር በትክክለኛው ፍጥነት ይሠራዋል፤ ሠልጣኞቹ ሥራው ምን እንደሚመስልና ምን ድምፅ እንዳለው በዓይንና በጆሮ ይይዙታል። ሁለተኛውን ቀስ ብሎ፣ እርምጃውን እየጠራ፣ ምክንያቱን እየተናገረ። በሦስተኛው ሠልጣኙ ይናገራል፣ መምህሩ የተባለውን ብቻ ያደርጋል፤ አደጋ እስከሌለው ድረስ የተዘለለ እርምጃ ካለ እሱም ይዘለዋል፣ ውጤቱም እዚያው ይታያል። በአራተኛው ሠልጣኙ እየተናገረ ይሠራል። ጊዜ ሲጠብ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው ሦስተኛው ዙር ነው። መቆረጥ የሌለበትም እሱ ነው፤ ሠልጣኙ ብረት ሳያበላሽ፣ ሳይፈራም፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ያለውን ሥዕል መምህሩ የሚያይበት ሌላ ጊዜ የለም።

የሚቆሙበት ቦታም ያስተምራል ወይም ያጠፋል። ከጠረጴዛው ማዶ ፊት ለፊት የሚያሳይ መምህር ቀኙን ግራ አድርጎ ነው የሚያሳየው፤ ስለዚህ ሠልጣኞቹ በትከሻው በኩል፣ እሱ በሚያይበት አቅጣጫ ይቁሙ። ግራኝ ሠልጣኝ ግን ፊት ለፊት ቢቆም ይጠቀማል፤ ለእሱ የመስታወት ምስሉ ነው ልኩ። ከስድስት እስከ ስምንት ሰው በላይ አንድ ጊዜ ከተሰበሰበ ኋላ ያሉት ጀርባ እንጂ እጅ አያዩም። አሥራ ስድስት ሰው ካለ ሁለቴ ማሳየት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልመለስ። ሠልጣኙ መሮውን ይዞ እየተሳሳተ ነው፤ የእንጨቱን ጭረት ተቃራኒ ሄዶ እየፈነቀለው። የመምህሩ እጅ ራሱ ይነሣል። “ቆይ፣ አምጣ” ይላል፣ ይወስዳል፣ በአሥር ሰከንድ ያስተካክላል። ሥራው አማረ፤ ትምህርቱ ግን ጠፋ። ያ እንጨት ከዚያ በኋላ የመምህሩ እንጨት ነው፤ ሠልጣኙም ሲከብደው ቆም ብሎ መጠበቅን ተማረ። ማሳየት የግድ ከሆነ መምህሩ የራሱ ቁራጭ ይኑረው፤ በዚያ ላይ አሳይቶ መሮውን ያስቀምጥ። ከዚያ በፊት ግን ጥያቄ ይቀድማል፦ “ጭረቱ ወዴት ነው የሚወጣው? መሮህስ ወዴት እየሄደ ነው?” ሠልጣኙ አቅጣጫውን ራሱ ካዞረ በኋላ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እርማቱም አንድ በአንድ ነው የሚሰጠው። በአንደኛው እርከን ላይ ያለ ሰው አምስት እርማት በአንዴ ቢሰማ አምስቱንም ይጥላል። ቅደም ተከተሉ ቢለያይም ለብየዳ እኔ የምይዘው እንዲህ ነው፦ በመጀመሪያ ደኅንነት፣ ቀጥሎ አቋቋምና ድጋፍ፣ ከዚያ የአርኩ ርዝመት፣ ከዚያ ፍጥነት፣ የመስመሩ ማማር በመጨረሻ። ፍጥነቱ ሲበዛ መስመሩ ይቀጥናል፤ ሲያንስ ያብጣል። ግን አርኩ ረዝሞ ሳለ ስለ ፍጥነት ማውራት ጥቅም የለውም። አምስቱም ስህተት እየታየ አራቱን ለጊዜው ውጦ ዝም ማለት ለበሰለ ባለሙያ የሥጋ ሕመም ያህል ነው። ሥራው የሚጠይቀው ግን ይኼንን ነው።

አንድ ሌላ ጥያቄ መምህራንን ሲከፋፍል ኖሯል፦ ሠልጣኝ በልምምድ ይጀምር ወይስ በእውነተኛ ዕቃ? ቪክቶር ዴላ ቮስ በሞስኮ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1860ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሙያን ከምርት ለየው፤ እያንዳንዱ መሣሪያ የራሱ የልምምድ ሰንሰለት ነበረው፣ ከቀላል ወደ ከባድ። ልምምዶቹ እ.ኤ.አ. በ1876 በፊላደልፊያው ኤግዚቢሽን ሲታዩ በአሜሪካ የሙያ ትምህርት ላይ ትልቅ ተጽዕኖ አሳደሩ። በዚያው ዘመን በስዊድን ኔስ ላይ መምህራንን ያሠለጥን የነበረው ኦቶ ሳሎሞን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቤት ውስጥ የሚያገለግል ዕቃ ይሠራ ይል ነበር። እኔ ሁለቱንም በቅደም ተከተል እወስዳለሁ፤ ልምምዱ ግን አጭር ይሁን። መቶ ጊዜ ተሞርዶ መጣያ የሚገባ ብረት እጅን ያለማምዳል፣ ልብን ግን ያደክማል። ሞረድ ቀጥ ብሎ መሄድ ሲጀምር ወዲያው ከሌላ ብረት ጋር የሚገጣጠም ነገር ማሠራት ነው። ሁለት ቁራጭ ተገጥሞ በመሃሉ ብርሃን ሲያልፍ የታየው ሠልጣኝ ስለ ትክክለኛነት ስብከት አያስፈልገውም።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን የጊዜ ስሌት አለ። ወደ መምህርነት የሚገቡ ባለሙያዎችን በጣም የሚያስደነግጣቸው እሱ ይመስለኛል። የሦስት ሰዓት ክፍለ ጊዜ 180 ደቂቃ ነው። 30 ደቂቃው ለመክፈቻና ለማሳየት፣ 20ው ለጽዳትና መሣሪያ ለመመለስ ይሄዳል፤ የሚቀረው 130 ነው። አራት የብየዳ ማሽን፣ አሥራ ስድስት ሠልጣኝ ካለ ለአንድ ሰው የሚደርሰው 32 ደቂቃ ገደማ ነው። ከዚያ ውስጥ ኤሌክትሮድ መቀየሩ፣ ስላግ ማውለቁ፣ ማየቱ ሲቀነስ አርክ ላይ የሚውልበት ጊዜ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ የሙያ መምህር ትልቁ ዕቅድ ስለ ሚሠሩት አራቱ ሳይሆን ስለ ሚጠብቁት አሥራ ሁለቱ ነው። ሥራ የሌለው ሠልጣኝ ይሰለቻል፤ ግራይንደርና ጋዝ ባለበት ክፍል ውስጥ የሰለቸ ሰው ደግሞ አደጋ ነው። አንዱ ሲበይድ ሌላው በራሱ ማስክ እያየ የአርኩን ርዝመትና ፍጥነት ይመዝግብ፤ ሌሎቹ ብረት ይቁረጡ፣ ይሞርዱ፣ ያለፈውን ሥራ በካሊፐር ይለኩ። የሌላውን ስህተት ማየት የለመደ ዓይን የራሱንም ቶሎ ይይዛል።

ዕቃም እንዲሁ ይቆጠራል። ለአሥራ ስድስት ሰው አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ኤሌክትሮድ ቢታደል 192 ነው፤ በ3.2 ሚሊሜትር መጠን ወደ 6 ኪሎ ይጠጋል፣ ለአንድ ቀን። ብረቱ በሁለቱም ፊት ይበየድ፣ ከዚያ ተቆርጦ ውስጡ ይታይ። የተጠየቀው ዕቃ ዘግይቶ ሲመጣ ያለ ኤሌክትሮድ የሚሰጥ ሌላ ትምህርት ተዘጋጅቶ መቀመጥ አለበት፤ መዘግየቱ አይቀርምና።

ንድፈ ሐሳብ የሚባለው ክፍል ለብዙ ሠልጣኝ የቆየ ቁስል ነው። ሒሳብ “አይገባኝም” ብሎ ወደ ሙያ የመጣ ሰው ብዙ ነው። ያ ሰው ግን ቶርኖ ማሽን (ብረት እያሽከረከረ የሚቆርጥ ማሽን) ፊት ሲቆም ሒሳቡ ትርጉም ያገኛል። የዙር ብዛት ማለት አንድ ሺህ በመቁረጫ ፍጥነት ተባዝቶ፣ ለ3.14 ጊዜ ዲያሜትር ሲካፈል ነው። ዲያሜትሩ 40 ሚሊሜትር የሆነ ለስላሳ ብረት በሃይ ስፒድ (ሙቀት በሚቋቋም ብረት የተሠራ) መቁረጫ በደቂቃ 30 ሜትር ቢቆረጥ ወደ 239 ዙር ይመጣል። የተለመደው ስህተት በዲያሜትሩ ፈንታ ሬዲየሱን፣ 20ን፣ ማስገባት ነው፤ መልሱ ወደ 478 ይሆናል፣ ፍጥነቱ በእጥፍ ይጨምራል፣ የመቁረጫው ጫፍ ግሎ ይበላሻል። ያንን የተበላ ጫፍ ያየ ሠልጣኝ ሬዲየስና ዲያሜትርን ዳግመኛ አያምታታም። አናጺው ዘንድም እንዲሁ፦ ከማዕዘኑ ጀምሮ በአንድ በኩል 60፣ በሌላው 80 ሳንቲሜትር ምልክት ይደረጋል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል 100 ከሆነ ማዕዘኑ ልክ ነው፣ 101 ከሆነ ተከፍቷል፣ 99 ከሆነ ጠቧል። የፓይታጎረስን ስም ከዚያ በኋላ ማንሣት ይቻላል። ሰውየው ለዓመታት “አልችልም” ሲለው የኖረውን ነገር በሜትር ይዞ ሲያስተካክል ማየት ከዚህ ሥራ ደመወዝ ትልቁ ክፍል ነው፤ ይህን የምለው አጋንኜ አይደለም።

ስለ ደኅንነት ብዙ ማስጠንቀቂያ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሠልጣኝ የሚከተለው ግን ግድግዳውን ሳይሆን የመምህሩን እጅ ነው። መምህሩ “ለአንዴ” ብሎ ያለ መነጽር ግራይንደር ቢነካ የዓመቱን ትምህርት በአንድ ደቂቃ ሻረው። ምክንያቱ ካልተነገረ ደግሞ ሕጎቹ እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ብየዳ ላይ ጓንት ግዴታ ነው፣ ቶርኖ ላይ ጓንት ክልክል ነው፣ የሚሽከረከር ብረት ጓንቱን ከያዘ እጁን ይዞ ይገባልና። የቶርኖው ቸክ (ብረቱን ቆንጥጦ የሚያሽከረክረው ክፍል) ቁልፍ ቸኩ ላይ ተተክቶ ለአፍታም አይቀመጥም፤ እጅ ከቁልፉ የሚለየው ቁልፉ ከቸኩ ከወጣ በኋላ ነው። ኤሌክትሪክ ላይ መስመሩ መጥፋቱን ከማረጋገጥ በፊት ቴስተሩ ኤሌክትሪክ እንዳለበት በታወቀ ሕያው መስመር ይፈተሻል፤ ከዚያ የሚሠራበት መስመር ይለካል፤ ከዚያ ቴስተሩ ተመልሶ በሕያው መስመር ይፈተሻል። ሦስተኛውን ለምን? በመሃል ቴስተሩ ቢበላሽ “ጠፍቷል” ያለው መስመር ሕያው ሊሆን ስለሚችል። መምህሩ ራሱ ሲረዳም ጀርባውን ለክፍሉ አይሰጥም፤ አንዱን እያየ አሥራ አምስቱን ይሰማል። የማሽኑን የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ደግሞ ሁሉም በመጀመሪያው ቀን አንድ በአንድ ይጫኑት፤ መኖሩን ማወቅና እጅ ወደዚያ መሄዱ የተለያዩ ናቸው።

የሚያመው ምዘናው ነው። መስፈርቱ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በቁጥር ተጽፎ ካልተሰጠ፣ ምዘና የመምህሩ ስሜት ይሆናል። “ጥሩ ነው” የሚባል መስፈርት የለም፤ “በብየዳው ጠርዝ ብረቱ ተበልቶ የቀረው ጎድጓዳ ከ0.5 ሚሊሜትር አይበልጥም” የሚል ግን አለ። የተሠራው ዕቃ ብቻ ሳይሆን አሠራሩም ይመዘናል፤ መስመሩን ሳያጠፋ ሶኬት የቀየረ ሰው ሶኬቱ ቢሠራም ወድቋል። ሳያቋርጥ የመጣ፣ የተጋ፣ ሰው አክባሪ የሆነ፣ ግን ገና ያልቻለ ሠልጣኝ ሲኖር የመምህሩ ልብ ይከፈላል። ያ ሰው የሚዘረጋው ገመድ ግን የማያውቀው ቤተሰብ ግድግዳ ውስጥ ይቀበራል። “ገና ነህ” ብሎ ምን እንደጎደለው ለይቶ መናገር፣ ሌላ ቀን ቀጥሮ እንደገና መፈተን ነው የሚገባው። በርኅራኄ የተሰጠ ማለፊያ ዕዳው የሚከፈለው ሌላ ቦታ ነው።

ሥራው የሚወስደው ሌላም አለ። ጥሩ ባለሙያ በውጭ ከሚያገኘው ያነሰ ገቢ ብዙ ቦታ የተለመደ ነው። የማታው ሰዓት በትምህርት ዕቅድ፣ በምዘና ቅጽ፣ በዕቃ መዝገብ ያልቃል። በጩኸት መካከል መናገር ጉሮሮ ይጨርሳል፤ ማሽን አስቁሞ መናገርን መልመድ ይሻላል። መምህርነቱ ራሱ ሌላ ሙያ መሆኑንም መቀበል ያስፈልጋል። በጀርመን የማይስተር፣ ማለትም የዋና ባለሙያነት፣ ፈተና አራት ክፍል አለው፣ አራተኛው ማስተማርን የሚመለከት ነው፤ ጥሩ እጅ ብቻውን ለማስተማር እንደማይበቃ እዚያ በሕግ ተጽፏል። ከሁሉ የሚያሰጋው ግን የእጅ መዛግ ነው። ከኢንዱስትሪ የራቀ መምህር ቀስ በቀስ የትናንቱን ሙያ ማስተማር ይጀምራል፤ ማሽኑ ተቀይሯል፣ የሥራው ፍጥነት ተቀይሯል። በየዓመቱ ጥቂት ሳምንት ወደ እውነተኛ ሥራ ቦታ መመለስ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም፤ ሠልጣኙ የሚገባበትን ዓለም የማያውቅ መምህር ምን ሊያዘጋጅ ይችላል?

ምላሹ ደግሞ ዝግ ብሎ ነው የሚመጣው፣ በጆሮም ሊመጣ ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከብየዳ ክፍሎቹ የሚወጣው ድምፅ ይንጣጣል፣ ይቋረጣል፣ እንደገና ይጀምራል። አንድ ቀን ከአንዱ ክፍል ያልተቋረጠ፣ እኩል የሆነ ድምፅ ይወጣል። መምህሩ ሳያይ ማን እንደሆነ ያውቃል፤ አርኩ ልክ እንደሆነ፣ እጁ እየወረደ እንደሆነ ያውቃል። ሌላው ምላሽ ለራሱ ነው። ለምን እንደዚያ እንደሚያደርግ ተጠይቆ መልስ ያጣ ባለሙያ መልሱን ሲፈልግ የገዛ ሙያውን እንደ አዲስ ያገኘዋል፤ ከአለቃው በልምድ የወረሰው አንዳንዱ ነገር ምክንያት እንዳለው፣ አንዳንዱም እንደሌለው ይገለጥለታል።

ወደዚህ ሥራ ልግባ የሚል ሰው ራሱን የሚፈትንበት ቀላል መንገድ አለ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የምትሠሩትን አንድ ሥራ ምረጡ፤ አደጋ የሌለው ይሁን፣ ለምሳሌ ከኤሌክትሪክ ጋር ባልተገናኘ ገመድ ሶኬት ማሰር ወይም እንጨት በመላጊያ ማስተካከል። እርምጃውን፣ ቁልፉን ነገርና ምክንያቱን በሦስት ዓምድ ጻፉ። ሙያውን ፈጽሞ የማያውቅ ሰው ጥሩና መሣሪያውን ስጡት። ሁለቱንም እጃችሁን ኪሳችሁ ውስጥ አድርጋችሁ በቃል ብቻ ምሩት። ግራ የገባው ቦታ ሁሉ ወረቀታችሁ ላይ የጎደለ መስመር ነው፤ ጨምሩበትና በሌላ ሰው ድገሙት። ሦስተኛው ሰው ላይ ስትደርሱ እጃችሁ ስንት ጊዜ ከኪሳችሁ ሊወጣ እንደሞከረ ቁጠሩ።